እግሬ ይቃጠላል ያለችኝ እኅት

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 17፥11-19



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስብከት አይደለም፤ ኑዛዜ ብትሉት ይቀርባል። ብዙ ዓመት በልቤ ይዤው ኖሬአለሁ። ከማሻ የመጣ አንድ ወንድም በሬን ባያንኳኳ ኖሮ ምናልባት ዛሬም አልጽፈውም ነበር። እርሱም፣ በኋላ የማነሣቸው ሌሎችም ስማቸው እንዲጠራ አልፈልግም። ታሪካቸውን ግን ለሌላው ይጠቅማል ብለው ፈቅደውልኛል። አንዷ ብቻ ልትፈቅድልኝ አትችልም፤ ስለ እርሷ እናቷን ጠይቄአለሁ።

ከሥነ መለኮት ኮሌጅ ተመርቄ ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ስመጣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ነበርኩ። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያለን ወንጌላውያን ጥቂት ነን። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፤ በለቅሶውም በሠርጉም አብረን ነን። ጥቂት መሆን በጎ ጎን አለው፤ መጋቢው እያንዳንዱን ሰው በስሙ ያውቀዋል። ክፉ ጎንም አለው፤ ምስጢር አይደበቅም። ስለዚህ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው መድኃኒቱን እዚሁ እየወሰደ ከሚታይ ደሴ ድረስ ሄዶ ቢያመጣው ይመርጥ ነበር።

በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ ተጀመረ። በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስንቱን ወጣት እንደቀበርን የእኔ ዕድሜ ሰው ያስታውሳል። መድኃኒቱ ሲመጣ በአልጋ የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ወደ እርሻቸው ሲሄዱ አየን። እኔም በዓይኔ ስላየሁ፣ ከእግዚአብሔር ዘንድ የመጣ ምሕረት ነው ብዬ ሰብኬአለሁ።

ነገር ግን ከመድረክ መስበክና በጓዳ ያለውን ሰው መስማት ለየቅል ናቸው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ በጉባኤያችን አንዲት እኅት ነበረች። ባሏን በዚሁ በሽታ አጥታ አንዲት ልጅ ታሳድግ ነበር። ጠዋትና ማታ የምትውጠው ኪኒን ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን የተባሉ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ላይ የያዘ ነበር። ሰውነቷ ተመልሶ፣ ከወንዝ ውኃ ትቀዳ፣ እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከአምልኮ በኋላ ቀርባ፣ «መጋቢ፣ እግሬ ይቃጠላል። ሌሊት እሳት ላይ የቆምኩ ይመስለኛል፤ ብርድ ልብስ እንኳ ሲነካው ያመኛል» አለችኝ። እጄን ጭኜ ጸለይኩላት። ከወር በኋላ ደግማ ነገረችኝ፤ አሁንም ጸለይኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነግረኝ «በእምነት ጽኚ» ብዬ ሸኘኋት። «ይህን ለጤና ባለሙያዋ ነግረሻታል ወይ?» ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

በዚያው ዓመት የሦስት ቀን ኮንፈረንስ አዘጋጀን፤ ከሌላ ስፍራ አንድ አገልጋይ ጋበዝን። በመጨረሻው ምሽት የታመሙት ወደ ፊት ይውጡ ተባለ። እርሷም ወጣች፤ አለቀሰች፤ ወደቀች፤ ተነሣች። «ተፈውሻለሁ» አለች። በማግስቱ የመድኃኒት ዕቃዋን ይዛ መጥታ ከመድረኩ ሥር አስቀመጠችው። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም በማይክሮፎኑ «አሜን» አልኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእግሯ ቃጠሎ ቀነስ አለላት። እኛም ይህን የፈውሷ ማረጋገጫ አድርገን አወራነው። ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ስታቩዲን የእጅና የእግር ነርቮችን የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ ሲቆም ቃጠሎው በብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ቫይረሱ ግን መድኃኒቱ ሲቆም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በሰውነት ውስጥ ከተደበቀበት ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መባዛት ይጀምራል። በሚቀጥለው ክረምት ሳንባ ነቀርሳ ያዛት። መድኃኒቱን እንደገና ስትጀምር ጊዜው አልፎ ነበር። መስከረም ሳይጠባ ቀበርናት።

ከቀብሩ በኋላ መድኃኒት ትሰጣት የነበረችው ሲስተር አገኘችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። «መጋቢ፣ ለምን እንዳቆመች ነግራችኋለች?» አለችኝ። ስለ እግሯ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ለእኔ አንድ ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ መድኃኒቱን በሌላ እንቀይርላት ነበር» አለች።

ለእኔ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስታቩዲን በዚሁ ጉዳቱ ምክንያት ቀስ በቀስ እንዲተው መከረ፤ በእኛም አገር በሌሎች መድኃኒቶች ተተካ። ይህን ሳነብ ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ እኅታችን መድኃኒቱን የጣለችው እምነቷ ስለ በዛ ብቻ አልነበረም። እግሯ ስለ ተቃጠለ፣ የሚሰማትም ሰው ስላጣች ነበር። «ተፈውሻለሁ» ስትል እልል የሚል ጉባኤ አገኘች። «እግሬ ይቃጠላል» ስትል ግን ጆሮ አላገኘችም።

ይህ ፈተና የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በኦርቶዶክስ ወገኖቻችንም ዘንድ በጠበልና በመድኃኒት መካከል ብዙዎች ተጨንቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። እኛ ግን ብዙ አጥቢያ፣ ብዙ መድረክ ነን፤ ስለ ሁላችን የሚናገር አንድ አፍ የለንም። ስለዚህ እያንዳንዱ መጋቢ በጉባኤው ፊት ራሱ መናገር አለበት።

ከእርሷ ሞት በኋላ ተምሬአለሁ ብዬ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ አልተማርኩም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አንድ ወጣት በሌሊት እየጮኸ መነሣት ጀመረ። በሕልሙ ሲያሳድዱት ያድራል፤ ጠዋት ሲነሣ ራሱን ያዞረዋል። የጸሎት ቡድናችን ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲገሥጽ ሰነበተ። ወጣቱ ከሕመሙ ይልቅ «ጋኔን አለብኝ» በሚለው ሐሳብ ሊያልቅ ደረሰ። የኋላ ኋላ ብቻውን ጠርቼ ስጠይቀው፣ መድኃኒት ከጀመረ ገና ወር እንዳልሞላው በጆሮዬ ነገረኝ። አብረን ሄድን። የሚወስደው ኤፋቪሬንዝ ያለበት ኪኒን ነበር። ይህ መድኃኒት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማዞርና እንደ እውን የጎላ ሕልም እንደሚያመጣ ባለሙያው አስረዱት። ከመኝታ በፊት፣ በባዶ ሆድ፣ በተለይም ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሳያደርግ እንዲወስደው መከሩት፤ ካልተሻለውም በሌላ ሊቀየርለት እንደሚችል ነገሩት። በወሩ ሕልሙ ጋብ አለ። ያን ወጣት ይቅርታ ጠየቅሁት። ክፉ መንፈስ እንዳለ አምናለሁ፤ ነገር ግን በማናውቀው ነገር ሁሉ ላይ ስሙን መለጠፍ መንፈሳዊነት አይደለም።

ስለ ራሴም ልናገር። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የደም ግፊት ተገኘብኝ፤ ኢናላፕሪል የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ። ከሳምንታት በኋላ ደረቅ ሳል ያዘኝ። ስብከቴን እያቋረጠ ሲያስቸግረኝ ቶሎ ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ «መድኃኒቱ የሚያመጣው ሳል ነው» ብሎ ቀየረልኝ። ነገሩ በዚህ አለቀ። በጉባኤው ውስጥ «መጋቢ፣ እምነትህ የት አለ?» ያለኝ ሰው የለም። ኪኒኔንም ወደ መድረክ አምጣ ያለኝ የለም። ለእኔ ሳል ሐኪም አለ፤ ለእርሷ እግር ግን «በእምነት ጽኚ» ነበር። ወገኖቼ፣ ይህን ሚዛን ጌታ ያየዋል።

አሁን ወደ ማሻው ወንድም ልምጣ።

ባለፈው ዓመት በገብስ አጨዳ ወቅት፣ ከማሻ በእግሩ ተነሥቶ ወደ ማታ ቤቴ ደረሰ። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ እርሱ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጎረቤቶች ሲወጡ ጠብቆ ተናገረ። ብዙ ዓመት መድኃኒት ወስዷል፤ ደህና ነበር። አሁን የሚወስደው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም፣ ላሚቩዲን 300 ሚሊ ግራም፣ ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም በአንድ ፍሬ ውስጥ። ቫይረሱ ተቆጣጥሮ ስለነበር የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ይሰጡታል። በቅርቡ ግን የቫይረስ መጠን ምርመራው ከፍ ብሎ ወጣ።

«መጋቢ፣ አንድ ቀን አልዘለልኩም። ልጆቼን ይንሳኝ፣ አንድ ቀን! ግን አያምኑኝም። መድኃኒቱም እንቢ አለኝ። እንግዲህ ጌታ ካልፈወሰኝ ሌላ መንገድ የለኝም፤ ልተወውና በጾም በጸሎት ልያዘው» አለኝ።

የዚያች እኅት ድምፅ መጣብኝ። በዚህ ጊዜ ግን እጄን ለጸሎት ከመዘርጋቴ በፊት ጠየቅሁት፤ «ሌላ የሚያምህ ነገር አለ? ሌላ የምትውጠው ነገርስ?»

«ጨጓራዬ ነው እንጂ ሌላስ የለም» ብሎ ከኪሱ የሚታኘክ የጨጓራ መድኃኒት አወጣ። ከመደብር የገዛው ነው። የሌሊት ቃር ስላስቸገረው ማታ ማታ ከኪኒኑ ጋር አብሮ ያኝከዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ማንስ የጨጓራን ነገር ከቁም ነገር ይቆጥራል?

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምንም አልፈረድኩም። «አብሽር፣ ነገ አብረን እንሄዳለን» አልኩት። ሄድን። ያችን እሽግ ለባለሙያው ስናሳይ ነገሩ ተፈታ። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለባቸው የጨጓራ ማስታገሻዎች ዶሉቴግራቪርን በሆድ ዕቃ ውስጥ ይይዙታል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ደም በበቂ አይገባም። ሰውየው በየቀኑ ይውጣል፤ ሰውነቱ ግን ሙሉውን አያገኝም። መፍትሔው ኪኒኑን ከማስታገሻው 2 ሰዓት አስቀድሞ፣ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒን፣ ካልሲየምና ዚንክም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ወንድማችን የዋሸ መስሎት የነበረው ባለሙያ ይቅርታ ጠየቀው፤ እርሱም አለቀሰ።

እዚህ ላይ ከባለሙያዎች የተማርኩትን ለሌሎቻችሁ ላካፍል። ለሐኪም ምትክ ሳይሆን ወደ ሐኪም መሄጃ ይሁናችሁ።

ይህ አሁን በብዛት የሚሰጠው መድኃኒት ከቀድሞዎቹ እጅግ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም የራሱ ጠባይ አለው። በጅምሩ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ከባለሙያው ጋር ተማክሮ ጠዋት ሊያደርገው ይችላል። ክብደት ሊጨምር፣ አልፎ አልፎም የደም ስኳር ከፍ ሊል ይችላል፤ ውኃ መጠማትና ሽንት መብዛት ካያችሁ ተናገሩ። ቴኖፎቪር በአንዳንድ ሰው ኩላሊትን ስለሚነካ የታዘዘ ምርመራ አይዘለል። ትኩሳት ያለው ሽፍታ፣ የአፍ መቁሰል፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የፊት ማበጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚውጥ ሰው ሁሉንም ለባለሙያው ያሳይ፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ሪፋምፒሲን የሚባለው የነቀርሳ መድኃኒት ሲኖር ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ ይደረጋል። ከቤት የሚቀመም ሥራ ሥርም ካለ አትደብቁ። ሌላም ነገር አለ፤ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስንም ያፍናሉ። ሁለቱም ያለበት ሰው በድንገት ካቆመ ጉበቱ ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል።

ያመለጣችሁን ኪኒን እንዳስታወሳችሁ ውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት ደርባችሁ አትዋጡ። ለባል ወይም ለጎረቤት አታካፍሉ። በራሱ ዕቃ፣ ከጭስና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል ብላችሁ ከሠጋችሁ መድኃኒቱ ሳያልቅ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስለ ጾም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ዶሉቴግራቪር ያለበትን ይህን ኪኒን በምግብም ያለ ምግብም መውሰድ ይቻላል። በጾም ቀን ኪኒኑን በውኃ የዋጠ ሰው ጾሙን አልሻረም። ይህን እንደ መጋቢያችሁ እነግራችኋለሁ፤ ሸክሙ በእኔ ላይ ይሁን።

ወደ ማሻው ወንድም ልመለስ። ምክሩን ይዞ ሄደ፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ ቫይረሱ ከ50 በታች ወርዶ በመሣሪያው የማይታይ ሆኗል። ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ሮጠ።

«መጋቢ፣ አልታየም አሉኝ! ተፈውሻለሁ ማለት ነው? እሑድ ልመስክር?»

ከእርሱ ጋር እልል ማለት ፈልጌ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ሳላስተውል አሜን ብዬ አውቃለሁ። አስቀምጬ ነገርኩት፤ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ አስሮታል እንጂ አልገደለውም፤ ገመዱ ከተፈታ ይነሣል። ነገር ግን በዚህ ውጤት ጸንቶ የኖረ ሰው ለትዳር ጓደኛው በግንኙነት አያስተላልፍም። ሚስቱ ከቫይረሱ ነፃ ናት። «ይህስ ምስጋና አይገባውም?» አልኩት።

«እንግዲያ ፈውስ የለም ልትለኝ ነው?» አለ፤ ዓይኑን ትክ አድርጎ።

የለም አላልኩትም፤ አልልምም። ጌታ ዛሬም ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ። ሉቃስ 17ን አብረን አነበብን። ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው። በዚያ ዘመን ለምጽን መርምሮ ነጽተሃል ወይም አልነጻህም የሚለው ካህኑ ነበር። እውነተኛው ፈዋሽ ምርመራን አልሸሸም፤ እርሱ ራሱ ወደ ምርመራ ላካቸው። ስለዚህ ጌታ አንድ ቀን ጨርሶ ቢፈውስህ፣ የሚመረምሩህ ሰዎች ራሳቸው ያያሉ፤ መድኃኒቱንም አቁም የሚሉህ እነርሱ ይሆናሉ። እስከዚያው ግን፣ በምድረ በዳ መናውን ዕለት ዕለት እንደ ለቀሙት፣ የዛሬዋን ኪኒን ዛሬ ውሰድ አልኩት። የዕለት መናም ከእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ከተስፋይቱ ምድር ፍሬ ያነሰ አይደለም።

ዝም ብሎ ቆየ። ቀጥሎ፣ «ታዲያ እሑድ ምን ብዬ ልመስክር?» አለኝ።

«መጀመሪያ እኔ ልመስክር» አልኩት።

በዚያ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ስለ እኅታችን ተናገርኩ። ስሟን ጠራሁ፤ እዚያ ያሉት ያውቋታል። እናቷና አሁን ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው ልጇ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። የእግሯን ቃጠሎ ሦስት ጊዜ እንደ ነገረችኝ፣ እኔም እንዳልሰማኋት፣ ከዚያም በማይክሮፎን አሜን እንዳልኩ ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ። እናቷ ተነሥተው መጥተው እጄን ያዙ፤ ምንም አልተናገሩም። ልጅቱ አልመጣችም። አልፈርድባትም፤ እጠብቃታለሁ።

በዚያ ሳምንት ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ። አንዷ የምትወስደው መድኃኒት ማቅለሽለሽ እንዳስቸገራት፣ ለማንም ሳትናገር አሥር ቀን እንዳቋረጠች ነገረችኝ። ጸለይንና በማግስቱ አብረን ሄድን። የማሻው ወንድም እስካሁን በአደባባይ አልመሰከረም፤ ግድም የለም። ማታ ኪኒኑን በውጠ ቁጥር «አመሰግናለሁ ጌታዬ» እንደሚል ነግሮኛል። ይህ ለእኔ ምስክርነት ነው።

ይህን የምታነቡ መጋቢያንና ሽማግሌዎች፣ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ስታገኙ ከመገሠጻችሁ በፊት «ምን ያምሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒቱን የምትወስዱ ወገኖች፣ የሚያስቸግራችሁን ነገር ለእኛም ንገሩን፤ ይልቁንም መድኃኒቱን ለሚሰጧችሁ ሳትፈሩ ንገሩ። ማጉረምረም አይደለም፤ አለማመንም አይደለም። ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁም፣ በእርሱ ፊት እግሬ ይቃጠላል ማለት እንደማያሳፍር እወቁ።

ጌታ ሆይ፣ የምንሰማበትን ጆሮ ስጠን። በስምህ ያልሰማናቸውን ይቅር በለን። መድኃኒት ለሚወስዱትም ለሚሰጡትም ጥበብንና ትዕግሥትን ጨምር። አሜን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።